የኪስ የዘወትር ጸሎት (ግዕዝና አማርኛ)፦ ልግዛው ወይስ የስልኩ የጸሎት አፕ ይበቃኛል ለምትሉ

አራት ኪሎ አካባቢ ካሉት የመንፈሳዊ መጻሕፍት ሱቆች ካንዱ የገዛሁትን የኪስ የዘወትር ጸሎት ትንሽ ልንገራችሁ። ያው አብዛኞቻችሁ አይታችሁታል፣ ጥቁር ሽፋን ሆኖ ላዩ ላይ ወርቃማ መስቀል ያለው፣ ከመዳፍ ብዙም የማይበልጥ፣ ዚፕ ያለውም የሌለውም አለ። ውስጡ የዘወትር ጸሎት፣ የሰባቱ ቀን ውዳሴ ማርያም (ለየቀኑ የተመደበው የእመቤታችን ምስጋና)፣ አንቀጸ ብርሃን፣ ይዌድስዋ መላእክት፣ መልክአ ማርያምና መልክአ ኢየሱስ አሉ፣ ግዕዙ በግራ አማርኛው በቀኝ።

ህትመቱ እንግዲህ መካከለኛ ነው። ወረቀቱ ስስ ስለሆነ የጀርባው ጽሁፍ ትንሽ ያሳያል፣ ቅዱሳት ስሞቹ እንደ ድሮው ብራና በቀይ መጻፋቸው ደስ ይላል ግን ቀዩ ፈዘዝ ስላለ መብራት ሲሄድ በሻማ አይታይም፣ የሐሙሱ ውዳሴ ማርያም ላይ ደሞ አንድ መስመር ሁለቴ ታትሟል፣ አራሚ የሚባል ሰው ያየው አይመስለኝም። ጥራዙ ግን በክር የተሰፋ ነው፣ ይሄን ስትገዙ ከፈት አርጋችሁ እዩት፣ በሙጫ ብቻ የተጣበቀው ገጹ ቶሎ ይረግፋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ጸሎት ላይ ሁለት ዓይነት ሰው አለ። አንዱ «እኔ ማን ሆኜ ነው እግዜር የሚሰማኝ» እያለ ከነጭራሹ የማይጸልይ፣ ሌላው ደግሞ እግዜርን እንደ ባለዕዳ ይዞ መቼ ነው የምትሰጠኝ የሚል። ይሄ ትንሽ መጽሐፍ ለሁለቱም መድኃኒት ነው ብል አላጋነንኩም። ምክንያቱም ገና መግቢያው ላይ በስመ አብ ብላችሁ ብዙም ሳትርቁ «እክሕደከ ሰይጣን» ትላላችሁ፣ ሰይጣን ሆይ እክድሃለሁ፣ ያውም እናቴ በሆነች በቅድስት ቤተ ክርስቲያን ፊት። ይሄን የሚለው እኮ ጠዋት ገና ከእንቅልፉ በቅጡ ያልነቃ ሰው ነው 😀። እዛው ጸሎት ውስጥ ደሞ «እሰግድ ለአብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» የሚለው ይመጣል፣ ግንባራችሁን መሬት ታስነካላችሁ። ሰይጣንን ፊት ለፊት እክድሃለሁ ያለው ሰው ራሱ ነው የሚሰግደው፣ ደፍሮ መናገሩና መውደቁ አይጣሉም።

ከሁሉ በላይ እኔን የሚይዘኝ ግን የእመቤታችን ጸሎት ነው፣ ሉቃስ ምዕራፍ 1 ላይ ያለው፣ «ነፍሴ ጌታን ታከብረዋለች» የሚለው። ቆም ብላችሁ አንብቡት እስቲ። የባሪያይቱን ውርደት ተመልክቶአልና ትላለች፣ ትንፋሽ ሳትወስድ ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ትውልድ ሁሉ ብፅዕት ይሉኛል። ከኛ መሀል ማን ነው እንዲህ የሚል? እኛ ራሳችንን ዝቅ ስናደርግ እግዜር የሰራልንንም አብረን እንክዳለን፣ ወይ ደሞ የሰራልንን ስንናገር ራሳችን የሰራነው ይመስለናል። እሷ ትንሽነቷን አልደበቀችም፣ የተሰጣትንም አልደበቀችም። ከዛ ዝቅ ብሎ ገዥዎችን ከዙፋናቸው አዋርዶአል ትሑታንንም ከፍ አድርጎአል ይላል፣ ይሄን የምትለው እንግዲህ ናዝሬት ከምትባል ትንሽ ከተማ የመጣች ልጅ ናት።

«እሺ የራሴን ጉዳይ የት ጋ ላስገባው» ለምትሉ፣ መጽሐፉ ለዛ የተለየ ገጽ የለውም፣ ይሄን እንደ ጉድለት የሚያዩት ሰዎች አሉ። እኔ ጨርሼ ነው የራሴን የምጨምረው፣ የቤት ኪራዩንም የእማዬን ስኳሩንም በተራ አማርኛ። እንደውም ከዛ ሁሉ ምስጋና በኋላ ልመናው ያጥራል። ስትለምኑ ግን አትፈሩ፣ ማቴዎስ 15 ላይ ያለችው ከነናዊት ሴት ስለ ልጇ ስትለምን የልጆችን እንጀራ ለቡችሎች መጣል አይገባም ተብላ እንኳ አልተመለሰችም፣ አዎን ጌታ ሆይ ግን ቡችሎችም ፍርፋሪ ይበላሉ አለች። አልተከራከረችም፣ አልሄደችምም። ልጇም ዳነችላት።

ሌላ ያስደሰተኝ ነገር የኋላ ሽፋኑ ላይ «ይህን የደገመ ሀብት ያገኛል ጠላቱ ይወድቃል» ምናምን የሚል የለውም። በየመንገዱ እንደዛ ተብሎ የሚሸጥ ትንንሽ ወረቀት ሞልቷል፣ ሎተሪ ነው የሚመስለው፣ እባካችሁ ተዉት።

41 ጊዜ እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ ለምትሉ መቁጠሪያ አብራችሁ ግዙ፣ በጣት 20 ላይ ስትደርሱ ይጠፋባችኋል 😂 የአማርኛው ትርጉም የቆየ የቤተ ክርስቲያን አማርኛ ነው፣ መጀመሪያ ሊከብድ ይችላል ግን ግዕዙን እያዩ ሲያነቡት ይለመዳል፣ ለኔ እንደውም ግዕዝ ያስለመደኝ እሱ ነው።

አፕ ወይስ መጽሐፍ? አፑ ፊደሉን ታሳድጉታላችሁ፣ በጨለማም ይነበባል፣ ነጻ ነው። ችግሩ ሰኞ ጠዋት የዕለቱን ውዳሴ ማርያም «ፈቀደ እግዚእ ያግዕዞ ለአዳም»፣ ጌታ አዳምን ነጻ ሊያወጣው ወደደ፣ ብላችሁ ስትጀምሩ ከላይ የቴሌግራም ኖቲፊኬሽን ዱብ ይላል፣ አለቀ፣ አዳምም እዛው ይቀራል። አረብ ሀገር በሰው ቤት የምትሰሩ እህቶች ግን አፑ ሊሻላችሁ ይችላል፣ መጽሐፉን የምታስቀምጡበትን ቦታ እናንተው ታውቃላችሁ። ለሌላው ሰው መጽሐፉን ነው የምመክረው፣ ታክሲ ላይ የምታነቡ ከሆነ ዚፕ ያለውን፣ ወደድ ይላል ግን ቦርሳ ውስጥ ጠርዙ አይታጠፍም። ለልጆች ይሄን አትግዙ፣ ፊደሉ ደቃቅ ነው ያደክማቸዋል፣ አማርኛ ብቻ ያለው ትልቁ ይሻላቸዋል።