የኮንዶሚኒየም እድር፦ ከመመዝገብዎ በፊት ኮሙናሉን ያስከፍቱ

ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ ወይም የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም የገባ ሰው ዕቃውን ሳያወርድ "እድር ገብተዋል?" ይባላል። ብዙው ከመሐል ከተማ የመጣ ስለሆነ የቀድሞ ሰፈሩን እድር መክፈሉን አይተውም፤ ደግም ያደርጋል። ነገር ግን የድሮው እድር ብሩን ይሰጣል እንጂ ድንኳኑን ጭኖ ቱሉ ዲምቱ ድረስ አይመጣም። ስለዚህ የብሎኩንም መግባት ግድ ነው፤ ጥያቄው የትኛውን የሚለው ነው።

ከእድሩ ዳኛ በፊት ንብረቱን ይዩ። እድሮቹ ዕቃቸውን የሚያስቀምጡት አብዛኛውን ጊዜ ኮሙናል ቤት (የነዋሪው የጋራ መገልገያ ቤት) ውስጥ ነውና አስከፍተው ሸራውን ያሽትቱት። ክረምት ላይ እርጥቡን የተጠቀለለ ሸራ ይሻግታል፣ መጀመሪያ የሚበሳው ስፌቱ ላይ ነው። ደህና ንብረት ያዥ ዘርግቶ ሳያደርቅ አያጥፍም። ቱቦዎቹ በቀለም ምልክት ካልተለዩ ሌሊት በባትሪ ብርሃን ሲገጣጠሙ ይነጋል።

የኮንዶሚኒየም ድንኳን ዋና ችግሩ ካስማ ነው። በብሎኮቹ መካከል ያለው ኮብልስቶን ካስማ አያስገባም፤ ከኮብልስቶኑ ወዲያ ያለው መረሬ ደግሞ ዝናብ ሲነካው የያዘውን ይለቃል። የገባቸው እድሮች አሮጌ ጎማ ውስጥ ኮንክሪት ሞልተው የብረት ቀለበት ይቀብሩበታል፤ ወይም 20 ሊትር ጀሪካን አሸዋ ሞልተው በየምሰሶው ሥር ያስራሉ። ጀሪካኑን ውሃ የሚሞሉም አሉ፤ ውሃ ከአሸዋ ይቀልላል፣ ንፋስ ሲመጣ ድንኳኑ አብሮ ይነሳል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የራሱ ሮቶ የሌለው እድር የንፍሮ መቀቀያ ውሃ ፍለጋ በየደረጃው ጀሪካን ይለምናል።

ሒሳቡን ራስዎ ይሥሩት። 150 አባወራ በወር 100 ብር ቢያዋጣ በዓመት 180,000 ብር ነው። ለአንድ ሐዘን 20,000 ብር የሚከፈል ከሆነ ዘጠነኛው ለቅሶ ካዝናውን ይጠርገዋል፤ ለሸራ መጠገኛ የሚተርፍ የለም። ባልና ሚስት፣ ልጆች፣ የሁለቱም ወገን ወላጆች ሲቆጠሩ ደግሞ ከ150 ቤት ዘጠኝ ሐዘን ብዙ አይደለም። ደንቡ ለአባልና ለትዳር ጓደኛ ሙሉ፣ ለወላጅና ለአማት ግማሽ ብሎ ካልለየ፣ ወይም ክፍያው ለዓመታት ሳይከለስ ከቆየ፣ መዋጮው ርካሽ መሆኑ አያታልልዎት። ተከራይን የማይቀበል እድርም አለ፤ አስቀድመው ይጠይቁ።

የባንክ ሂሳቡ በሦስት ሰው ፊርማ የሚንቀሳቀስ መሆኑ ጥሩ ነው፤ ከሦስቱ አንዱ ውጭ አገር ሲሄድ ግን ብሩ ይታሰራል። ተተኪ ፈራሚ በቃለ ጉባኤ አስቀድሞ የተያዘ መሆኑን ይመልከቱ። ጥሪን በተመለከተ ቴሌግራም ጡሩምባ ነፊውን አሰናብቶታል፤ ስልክ የማይነኩ አዛውንቶች ግን ለቅሶውን ከቀብር በኋላ ይሰማሉ። በየደረጃው አንድ በር አንኳኪ የመደበ እድር ይሻላል።

አሁን አሁን እድሩ ጥበቃ ይቅጠር፣ ቦይ ያስጠርግ፣ ፍሳሽ ያስመጥጥ የሚባል ነገር በዝቷል። "ወረዳው ካልሠራ እኛው እንሥራ" ማለት አይከፋም፤ ቀበሌውም ወረዳውም ስሙንና ወሰኑን ሲቀያይር እድሩ ዝርዝሩን ይዞ ቆይቷል። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 እንኳ እድርን ከወሰኑ ውጭ ትቶታል። ሆኖም የእድር ጉልበቱ አንድ ነው፦ ያልከፈለ ሰው ደጅ ድንኳን አይተከልም። የፍሳሽ ጉድጓድ እንዲህ አይሠራም፤ የከፈለውም ያልከፈለውም አንድ ቱቦ ላይ ነው፣ እድሩም አባል ያልሆነን የማስገደድ ሥልጣን የለውም። ይህ በአዋጅ ቁጥር 370/1995 የተቋቋመው የቤት ባለቤቶች ማኅበር ሥራ ነው። ሰኔ ሳይገባ በአንድ ቅዳሜ ቦይ መጥረግ ግን ለእድር ይመቻል፦ አካፋ፣ የአንድ ቀን ጉልበት፣ የቀረ ይቀጣል። ጥበቃ የሚቀጥር ከሆነ ደረሰኙም ሂሳቡም ለብቻው ይሁን፤ የዘበኛ ደመወዝ ከቀብር ብር ሲበደር የሚመልሰው አይገኝም።

ለሐዘን ከሆነ ይመዝገቡ፤ ጀሪካኑ አሸዋ መሆኑን ካዩ በኋላ።