ግጻዌ በቤት፦ ለዕለት ንባብ የሚሆን መመሪያ ሲገመገም

ማለዳ ማለዳ በስልክ ከሚላኩልን የዕለት ጥቅሶች መካከል ትንቢተ ኤርምያስ 29፥11ን ያህል የሚመላለስ ያለ አይመስለኝም። «ለእናንተ የማስባትን አሳብ እኔ አውቃለሁ፤ ፍጻሜና ተስፋ እሰጣችሁ ዘንድ የሰላም አሳብ ነው እንጂ የክፉ ነገር አይደለም» ይላል። ቃሉ የታመነ ነው፤ ያዘነ ሰው ይጽናናበታል። ይሁን እንጂ ከእርሱ በፊት ያለው ቁጥር 10 ተስፋው የሚፈጸመው በባቢሎን 70 ዓመት ከሞላ በኋላ እንደሆነ ይናገራል። በምዕራፍ 28 ሐናንያ የተባለው ነቢይ ከቤተ መቅደስ የተወሰደው ዕቃ በሁለት ዓመት ውስጥ ይመለሳል ብሎ ሕዝቡን ደስ ሲያሰኝ እናነባለን፤ ኤርምያስ ግን ለምርኮኞቹ በላከው ደብዳቤ ቤት ሠርተው እንዲቀመጡ፣ አትክልት ተክለው ፍሬውን እንዲበሉ፣ ወንዶችና ሴቶች ልጆቻቸውን እንዲድሩ፣ ለተማረኩባትም ከተማ ሰላም እንዲጸልዩ አዘዛቸው። የስልኩ ጥቅስ ተስፋውን ያደርሰናል፤ ሰባውን ዓመትና ትእዛዙን ግን አስቀርቶ ነው።

በዚህ ግምገማ የማቀርበው ከዚህ የተለየ አሠራር ያለውን፣ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ለቅዳሴ አገልግሎት የሚውለውንና የየዕለቱን ንባብ የሚመድበውን መጽሐፈ ግጻዌ ነው። ብዙዎቻችን ግጻዌ የካህናትና የዲያቆናት መሣሪያ ብቻ እንደሆነ አድርገን ስለምናስብ በንዋያተ ቅድሳት መሸጫ መደርደሪያ ላይ እያየነው እናልፈዋለን። እኔ ግን ለምእመናን የቤት ንባብ እንዴት ይሆናል በሚለው ዐይን ነው የመረመርሁት፤ ከወዲሁ ፍርዴን ለመናገር ያህልም፣ አሁን በእጃችን ካሉት የዕለት መመሪያዎች ሁሉ የሚበልጥ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ለጀማሪ ግን በቀላሉ የሚከፈት አይደለም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከመስከረም 1 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ለእያንዳንዱ ቀን የሚነበበው ክፍል ተመድቦ ተቀምጧል። ከጳውሎስ መልእክታት አንድ፣ ከጴጥሮስ፣ ከዮሐንስ፣ ከያዕቆብና ከይሁዳ መልእክታት አንድ፣ ከግብረ ሐዋርያት አንድ ይነበባል፤ ቀጥሎ ከዳዊት መዝሙር የተወሰደ ምስባክ ይሰበካል፤ በመጨረሻም ወንጌል ይነበባል። በዕለቱ የትኛው ቅዳሴ እንደሚቀደስም ተጽፏል። በቤተ ክርስቲያን እነዚህ ንባባት የየራሳቸው አንባቢ አላቸው፤ ጳውሎስን ዲያቆኑ፣ ሁለተኛውን መልእክት ንፍቅ (ረዳት) ዲያቆኑ፣ የሐዋርያትን ሥራ ንፍቅ ካህኑ፣ ወንጌልን ገባሬ ሠናይ (ቅዳሴውን የሚመራው) ካህኑ ያነባል። ቤት ውስጥ ሁሉንም የሚያነበው አንድ ሰው ነው፤ ቤተሰብ ሰብሰብ ብሎ የሚያነብ ከሆነ ግን ንባቡን ለየሰው ማከፋፈል ይቻላል፤ እኔ ባየሁት ቤት ልጆቹ ምስባኩን ለማግኘት ይሽቀዳደማሉ።

ከወራቱ ንባብ ሌላ ሰንበታትና ተንቀሳቃሽ በዓላት የራሳቸው ክፍል አላቸው። የዐቢይ ጾም እሑዶች፣ ማለትም ዘወረደ፣ ቅድስት፣ ምኩራብ፣ መፃጉዕ፣ ደብረ ዘይት፣ ገብር ኄር፣ ኒቆዲሞስና ሆሳዕና የሚገኙት በዚያ ነው። የግጻዌን ጥበብ ለማየት የሚሻ ሰው ከእነዚህ በአንዱ ቢጀምር ይሻለዋል፤ እኔም አራተኛውን እሑድ፣ መፃጉዕን፣ ጠጋ ብዬ ላሳይ።

በያዝሁት እትም የዕለቱ ንባብ ገላትያ ምዕራፍ 5፣ ያዕቆብ ከ5፥14 እስከ ፍጻሜው፣ የሐዋርያት ሥራ 3፥1-12፣ ወንጌሉ ደግሞ ዮሐንስ 5፥1-25 ነው። ምስባኩ «እግዚአብሔር ይረድኦ ውስተ ዐራተ ሕማሙ» ብሎ የሚጀምረው የ40ኛው መዝሙር ክፍል ነው፤ እግዚአብሔር የታመመውን ሰው በሕማሙ አልጋ ላይ ሳለ እንደሚረዳው፣ መኝታውንም እንደሚያነጥፍለት ይናገራል። ይህን አንድ መስመር ብቻ ቆርጦ በሚያምር ሥዕል ላይ የሚጽፍ ሰው ለታመመ ወዳጁ ጥሩ ስጦታ ይልካል፤ በዚህ የሚነቅፈው የለም። መዝሙሩን ከመጀመሪያው የሚያነብ ግን ሌላ ነገር ያገኛል። መዝሙሩ የሚጀምረው ለድኃና ለምስኪን የሚያስብ ሰው ብፁዕ ነው በማለት ነው። በአልጋው ላይ ሳለ የሚረዳው እንግዲህ በጤናው ጊዜ ለድኃው ያሰበው ሰው ነው።

ከዚያ ወደ ወንጌሉ ስንሄድ በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ ዳር 38 ዓመት የታመመውን ሰው እናገኛለን። ጌታ «ልትድን ትወዳለህን?» ብሎ ሲጠይቀው፣ እወዳለሁ ወይም አልወድም አላለም። «ውኃው በተናወጠ ጊዜ በመጠመቂያይቱ ውስጥ የሚያኖረኝ ሰው የለኝም» ነው ያለው። ምስባኩ ለምስኪን የሚያስበውን ያመሰግናል፤ ወንጌሉ የሚያስብለት ያጣውን ያሳያል። የሐዋርያት ሥራ በበኩሉ መልካም በተባለው የመቅደስ ደጅ ተቀምጦ የሚለምነውን ሽባ ያመጣል፤ ጴጥሮስ ብርና ወርቅ ባይኖረውም አልፎት አልሄደም፤ ያለውን ሰጠው፤ ቀኝ እጁንም ይዞ አስነሣው። ያዕቆብም የታመመ ቢኖር የቤተ ክርስቲያንን ሽማግሌዎች ይጥራ፣ ዘይት ቀብተው ይጸልዩለት ካለ በኋላ እርስ በርሳችሁ ተናዘዙ ይላል፤ ይህም ጌታ የዳነውን ሰው በመቅደስ ሲያገኘው «ወደ ፊት ኃጢአት አትሥራ» ካለው ጋር ይገጥማል። ገላትያ ለሥጋ ምክንያት በማይሰጥ ነጻነት እርስ በርሳችን በፍቅር እንድናገለግል ያዝዛል።

አምስቱም ንባባት አንድ ጉዳይ ላይ ያርፋሉ። ታሞ የሚያነብ ሰው መጽናኛውን ያገኛል፤ ጤነኛ ሆኖ የሚያነብ ደግሞ «ሰው የለኝም» የሚል ጎረቤት ወይም ዘመድ አለኝ ወይ ብሎ ይጠይቃል። አንድ እሑድ ከሰዓት ሆስፒታል ሄዶ ጠያቂ የሌለውን በሽተኛ መጠየቅ ከዚህ ንባብ በቀጥታ የሚወጣ ሥራ ነው፤ አንባቢው ሌላ የትርጓሜ መጽሐፍ እስኪያገኝ መጠበቅ አያስፈልገውም። የዕለት መመሪያ ሊሰጠኝ የሚገባው ይህን ይመስለኛል፤ ሲከፋኝ የማጽናኛ ቃል፣ ሲደላኝ ደግሞ የሚያሠራኝ ትእዛዝ።

የግጻዌ ትልቁ ብልጫ ንባቡን እኛ አለመምረጣችን ነው። መጽሐፍ ቅዱስን እንደ ፈቀደን ስንከፍት ብዙ ጊዜ የምንከፍተው የወደድነውን ቦታ ነው፤ መዝሙረ ዳዊት 22፣ ሮሜ 8፣ ፊልጵስዩስ 4። ፊልጵስዩስ 4፥13 «ኃይልን በሚሰጠኝ በክርስቶስ ሁሉን እችላለሁ» እያለ በመኪና መስታወት ላይ ሲለጠፍ፣ ከእርሱ በፊት ሐዋርያው መራብንም መጥገብንም፣ መብዛትንም መጕደልንም እንደተማረ የተናገረው ቁጥር 12 አብሮ ሲለጠፍ አላየሁም። ግጻዌ ዛሬ ደብረ ዘይት ነው ካለ፣ ስለ ዳግም ምጽአት ማንበብ ብንወድም ባንወድም ማቴዎስ 24ን ያስነብበናል፤ በሚቀጥለው እሑድ ደግሞ አንዱን መክሊት የቀበረውን አገልጋይ ያመጣብናል። ይህንኑ ንባብ በዚያው ቀን በአዲስ አበባም፣ በጎንደርም፣ በዋሽንግተንም ያለው ምእመን ይሰማዋል። በዐረብ አገር በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራና በዕለቱ ቤተ ክርስቲያን መሄድ የማትችል እኅት የዕለቱን ምስባክና ወንጌል በማታ ብታነብ፣ እናቷ በአገር ቤት ጠዋት ቆማ የሰማችውን ነው የምታነበው። ይህ በቀላሉ የሚገኝ መጽናኛ አይደለም።

አሁን ወደ ጉድለቶቹ ልምጣ፤ ጥቂትም አይደሉም። የመጀመሪያው ችግር፣ ምስባኩ በግእዝ ሙሉውን ቢጻፍም ሌሎቹ ንባባት በአብዛኞቹ እትሞች የተቀመጡት በምዕራፍና በቁጥር ብቻ መሆኑ ነው። ስለዚህ መጽሐፍ ቅዱስ አጠገብ ሳይኖር ግጻዌ አይነበብም። ምዕራፎቹ በግእዝ ቁጥር ሲታተሙ ደግሞ ፵ን ከ፶ መለየት የማይችል ወጣት ገና በመጀመሪያው ገጽ ይቆማል። የመጻሕፍቱ ስም አጻጻፍም ያጠረ ስለሆነ ልምድ ይጠይቃል።

ሁለተኛው የመዝሙር ቁጥር ነው፤ ይህ ብዙ ሰው ያደናግራል። የግእዙ ዳዊት ከ9ኛው መዝሙር በኋላ በአብዛኛው በብዙ የአማርኛ እትሞችና በስልክ ላይ ከሚገኘው መጽሐፍ ቅዱስ በአንድ ቁጥር ወደ ኋላ ይቀራል። «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» በግእዙ 22ኛ ሲሆን በሌሎቹ 23ኛ ነው፤ ከላይ ያነሣሁት የመፃጉዕ ምስባክም በስልክ ላይ የሚገኘው በ41ኛው መዝሙር ነው። ግጻዌውን ሊጠቀምበት የገዛ ሰው ይህን አስቀድሞ ካላወቀ ምስባኩን ሲፈልግ ከዕለቱ ጋር የማይገናኝ መዝሙር አንብቦ ይነሣል። አሳታሚዎች በመግቢያው ላይ ሁለት መስመር ቢጽፉበት ምን ነበረበት?

ሦስተኛው ከእትም የሚመጣ ሳይሆን ከሥርዓቱ ጋር የተያያዘ ነው። ግጻዌ ለቅዳሴ የተሠራ ስለሆነ ከመዝሙረ ዳዊት በቀር የብሉይ ኪዳን ንባብ የለውም ማለት ይቻላል። ነቢያት በስፋት የሚነበቡት በሰሙነ ሕማማት ነው፤ ያም የራሱ መጽሐፍ፣ ግብረ ሕማማት፣ አለው። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ግጻዌን ብቻ ይዞ የሚኖር አንባቢ ከኢዮብ ጋር አይከራከርም፣ ከሩት ጋር አይሰደድም፣ ያን መነሻ ያደረግሁትን የኤርምያስን ደብዳቤም አያገኘውም። በዚህ በኩል የስልኩ ጥቅስ፣ ቆራርጦም ቢሆን፣ የሚያስታውሰን መጽሐፍ አለ ብዬ ልመሰክርለት ይገባል። የእኔ ምክር ጠዋት ግጻዌን፣ ማታ ከብሉይ ኪዳን አንድ ምዕራፍ በተራ ማንበብ ነው። በሥራ ቀናትም ንባባቱ የዕለቱን ቅዱስ መታሰቢያ ስለሚከተሉ የሚደጋገሙ ክፍሎች ያጋጥማሉ፤ በዚያ ጊዜ የዕለቱን ስንክሳር፣ ማለትም የቅዱሳኑን ታሪክ፣ አብሮ ማንበብ ንባቡ ለምን እንደተመደበ ያስረዳል።

አራተኛው ቀን መቁጠር ነው። ዐቢይ ጾም ከየካቲት 1 እስከ መጋቢት 5 ባለው ጊዜ ውስጥ በተለያየ ቀን ስለሚገባ፣ የዘንድሮው መፃጉዕ መቼ እንደሚውል ግጻዌው ብቻውን አይነግረንም። በዓላትና አጽዋማት የሚውሉበት ቀን የሚሰላበትን ባሕረ ሐሳብን የማያውቅ ሰው የግድግዳ የቀን መቁጠሪያ ወይም የዓመቱን የበዓላትና የአጽዋማት ማውጫ ያስፈልገዋል። በስልክ የሚጫኑ የግጻዌ መተግበሪያዎች ይህን ድካም ያስቀራሉ፤ ጥሩ የሆኑት የዕለቱን ንባብ ሙሉ ጽሑፍ ጭምር ከፍተው ያቀርባሉ። ሁሉም ግን አይታመኑም። አንድ ጊዜ ያወረድሁት መተግበሪያ በጾሙ እሑዶች እንኳ የወሩን ቀን ንባብ እንጂ የሰንበቱን አያሳይም ነበር፤ ኒቆዲሞስ በሚነበብበት ዕለት ሌላ ወንጌል ከፍቶ ጠበቀኝ። መተግበሪያ የሚመርጥ ሰው በዐቢይ ጾም አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የተነበበውን ከስልኩ ጋር ያስተያይ፤ ከገጠመለት ይያዘው።

ለማን ይሆናል ለሚለው፣ መጽሐፍ ቅዱስን ጨርሶ አንብቦ ለማያውቅ ሰው ግጻዌን አስቀድሜ አልሰጥም፤ በአንዱ ወንጌል ቢጀምር ይሻላል። ቅዳሴ የሚያስቀድስ፣ ነገር ግን ንባቡ በግእዝ ሲሆን ወይም ከኋላ ቆሞ ድምፁ ሳይደርሰው ሲቀር የሚያልፈው ምእመን ግን ዋነኛው ተጠቃሚ ነው። ዋዜማ ማታ አንብቦ የሄደ ሰው ምስባኩ ሲዜም ትርጉሙ ቀድሞት ይጠብቀዋል፤ ስብከቱንም በተለየ ጆሮ ይሰማል። የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራን ለሳምንቱ ትምህርት ርእስ ፍለጋ ከሚደክሙ ከዚህ ቢነሡ ብዙ ይቀልላቸዋል። ጊዜ ያጠረው ሠራተኛ አምስቱንም ማንበብ ካልቻለ ምስባኩንና ወንጌሉን ይያዝ፤ ሦስት መስመር ምስባክ በታክሲ ሰልፍ ላይ ተጠንቶ ያልቃል።

ሊገዛ የሚወጣ ሰው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት መጽሐፉን ገልጦ ሦስት ነገር ይይ። ምስባኩ ከግእዙ ጎን የአማርኛ ትርጉም አለው ወይ? የዐቢይ ጾም ሰንበታት ንባብ ተካቷል ወይስ የወራቱ ብቻ ነው? ጽሕፈቱስ በመብራት ሥር ለሽማግሌ ዐይን ይነበባል? በኪስ መጠን የታተሙት ለመንገድ ይመቻሉ፤ ሆሄያቸው ግን እጅግ ደቂቅ ስለሆነ ለቤት ተለቅ ያለውንና በጠንካራ ሽፋን የተጠረዘውን እመርጣለሁ፤ በየቀኑ ስለሚገለጥ ስስ ሽፋን ያለው ዓመት ሳይሞላው ቅጠሉ ይረግፋል።