ኮንዶሚኒየም፣ የማኅበር ቤት ወይስ የኅብረት መንደር? በጎጃም ከተሞች ቤት ለሚፈልጉ የቀረበ ንጽጽር

በባሕር ዳር፣ በደብረ ማርቆስ ወይም በፍኖተ ሰላም ቤት ለመያዝ ጥሪት የሚያጠራቅም ቤተሰብ ብዙውን ጊዜ የሚያመዛዝነው በሦስት አማራጮች መካከል ነው፤ እነርሱም ኮንዶሚኒየም መግዛት፣ በመኖሪያ ቤት ኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅቶ መሥራት፣ ወይም ያለቀ ቤት ከነግቢው ከግለሰብ መግዛት ናቸው። በዚህ ጽሑፍ አራተኛ አማራጭ ጨምሬ ከሦስቱ ጋር ጎን ለጎን አቀርባለሁ፤ እርሱም ኮሃውዚንግ በመባል የሚታወቀው፣ እኔ የኅብረት መንደር ብዬ የምጠራው አኗኗር ነው። ይህ አማራጭ ተሠርቶ ከቆየ በኋላ የሚገዛ ሳይሆን ነዋሪዎቹ ራሳቸው የሚያቋቁሙት በመሆኑ፣ የሚመርጠው ሰው ገዢም መሥራችም መሆን እንዳለበት ከመጀመሪያው ሊያውቅ ይገባል።

ሐሳቡ የተወለደው በዴንማርክ ነው። ያን ጉድማን ሆየር የተባለ አርክቴክት እ.ኤ.አ. በ1964 ከጥቂት ወዳጆቹ ጋር ስለ አዲስ የመኖሪያ መንደር መምከር ጀመረ፤ በ1972 ደግሞ ከኮፐንሃገን በስተሰሜን በሂለሮድ ከተማ አቅራቢያ 27 ቤቶች ያሉት ሴተዳመን የተባለው መንደር ነዋሪዎቹን ተቀበለ። በእንዲህ ያለ መንደር እያንዳንዱ ቤተሰብ ማድ ቤትና መታጠቢያ ያለው የራሱ የተሟላ ቤት አለው። ከዚህ በተጨማሪ ትልቅ ማድ ቤትና የመመገቢያ አዳራሽ፣ የልጆች መጫወቻ፣ የልብስ ማጠቢያና የእንግዳ ማሳደሪያ ክፍል ያለው አንድ የጋራ ቤት ይኖራል፤ መኪና ከዳር ይቆማል፤ መካከሉ ለእግረኛና ለልጅ ይለቀቃል፤ መንደሩን የሚያስተዳድሩትም ነዋሪዎቹ በስብሰባ ተስማምተው ነው።

ይህን የሰማ የጎጃም ሰው “ታዲያ ይህ የእኛው ኑሮ አይደለምን?” ብሎ መጠየቁ አይቀርም። እድሩ፣ ሰንበቴው፣ ወንፈሉና ደቦው ስላሉ ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ እድር የሚሰበስበን ለለቅሶ፣ ሰንበቴ ለበዓል፣ ወንፈል ለአጨዳና ለውቂያ ነው። የኅብረት መንደር የሚጋራው ምንም የተለየ ነገር ያልተፈጠረበትን ተራውን ማክሰኞ ነው፤ ማን ወጥ እንደሚሠራ፣ ማን ሳሕን እንደሚያጥብ፣ የማን ልጅ በማን ደጅ እንደሚጫወት። አራቱን አማራጮች የማነጻጽረው በዚህ መለኪያ ነው፤ ሐዘንና ደስታን መጋራትማ በየትኛውም ቤት የምናውቅበት ነገር ነው።

ነገሩን ለመረዳት ከምዕራባውያኑ ምሳሌ ይልቅ የገዳማቱ ሥርዓት የበለጠ ይረዳ ይመስለኛል። በአንድነት ገዳም መነኮሳቱ ሀብትም ማዕድም አንድ ያደርጋሉ፤ በቁሪት ገዳም ግን እያንዳንዱ የራሱን ጎጆና የራሱን ቀለብ ይዞ ቤተ ክርስቲያኑንና ጉባኤውን ይጋራል። የኅብረት መንደር ከሁለቱ የሚቀርበው ለቁሪት ነው። ብዙ ሰው በስሕተት የሚያመሳስለው ግን ለመጀመሪያው ነው፤ ምናልባት ከባሕር ዳር ብዙም ሳይርቅ በደቡብ ጎንደር ፎገራ ወረዳ በ1964 ዓ.ም. በዙምራ ኑሩ የተመሠረተውን አውራ አምባን እያሰበ ሊሆን ይችላል። በአውራ አምባ የማኅበሩ አባላት ሥራንም ገቢንም ይጋራሉ። በኅብረት መንደር ግን የአንዱ ደመወዝ ለሌላው ጉዳዩ አይደለም።

ወደ ንጽጽሩ ስገባ ከኮንዶሚኒየሙ ልጀምር። የኮንዶሚኒየም ትልቁ ጥቅም ሕጉ የተሟላ መሆኑ ነው፤ የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የግል ቤቱንና የጋራ መጠቀሚያውን ለይቶ፣ የቤት ባለቤቶች ማኅበር እንዲቋቋምና ወርኃዊ መዋጮ እንዲከፈል ይደነግጋል። ገዢው ማንንም ሳያማክር ይገባል፤ የጎረቤቶቹን ፈቃድ ሳይጠብቅም ሸጦ ይወጣል። ጉድለቱ ደግሞ ጎረቤቱን ያገናኘው ዕጣ ወይም ደላላ መሆኑ ነው። የመንግሥት የቤቶች ልማት መርሐ ግብር ሲነደፍ ለማጠቢያ፣ ለእርድና ለድግስ ማብሰያ እንዲሆን ኮሙናል የተባለ የጋራ ቤት ለየሕንፃዎቹ ታስቦ ነበር። ሐሳቡ ከዴንማርኩ የጋራ ቤት ጋር በእጅጉ ይመሳሰላል፤ ነገር ግን ነዋሪው ያልተማከረበትና ያልጠየቀው ቤት በመሆኑ በአንዳንድ ቦታ ለኪራይ ሲውል፣ በሌላ ቦታ ደግሞ ተቆልፎ ሲቀመጥ ታይቷል። ለእርድ በግ በደረጃ እየጎተተ አራተኛ ፎቅ ያወጣ ሰው የዚያን ቁልፍ ዋጋ ያውቀዋል።

የማኅበር ቤት በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ የደመወዝተኛው ዋነኛ ተስፋ ነው። አባላቱ ተደራጅተው፣ በባንክ ዝግ ሒሳብ ቆጥበው፣ ቦታ እስኪሰጣቸው ጠብቀው ይሠራሉ። በእነዚያ የጥበቃ ዓመታት የሚፈጠረው ቅርበት ከኅብረት መንደር አይተናነስም፤ ስብሰባው፣ ኦዲቱ፣ የአሸዋና የድንጋይ ዋጋ ክርክሩ፣ የሊቀ መንበር ምርጫው ሁሉ አለ። ነገር ግን ካርታው በየስሙ ወጥቶ አጥሩ ሲታጠር፣ ያ ሁሉ የመደራጀት ልምድ ያበቃል፤ ማኅበሩ ከቤቱ ጋር አብሮ ተጠናቆ አባላቱ ከቆርቆሮና ከብሎኬት አጥር ጀርባ ይለያያሉ። የኅብረት መንደር ማኅበር ዋና ሥራው የሚጀምረው ቤቱ ባለቀ ማግስት ነው። እንግዲህ በማኅበር ተደራጅቶ የሚገኝ አንባቢ ካለ፣ ከአራቱ መንገዶች ለኅብረት መንደር የሚያበቃውን ጥርጊያ የያዘው እርሱ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የሚቀረው አጥር ከመታጠሩ በፊት ከየቦታው ጥቂት ጥቂት ተቀንሶ ለጋራ ቤት የሚሆን መሬት ይተው እንደሆነ ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር መነጋገር ነው። የቦታው ፕላን ከጸደቀ በኋላ ይህን ማሰብ ከንቱ ድካም ነው።

ከግለሰብ የሚገዛው ባለ ግቢ ቤት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ነጻነቱ ሙሉ ነው፤ ጥበቃው፣ የውኃ ሮቶው፣ ጄኔሬተሩና ጥገናው ሁሉ ግን በአንድ ኪስ ላይ ይወድቃል።

ስለ ተከራይ ግቢ ግን ከራሴ ጥቂት ልናገር። በደብረ ማርቆስ አምስት ቤተሰብ በአንድ ግቢ፣ በአንድ ቧንቧና በአንድ የመብራት ቆጣሪ ስንኖር፣ ቡናው በየተራ ይፈላ ነበር፤ ልጆቹም በየቤቱ ይበሉ ነበር። ፍቅሩን የሚያደፈርሰው በየወሩ የሚመጣው የመብራት ሒሳብ ነበር፤ እንጀራ በኤሌክትሪክ ምጣድ የሚጋግረው ቤት አንድ አምፖል ብቻ ከሚያበራው እኩል መክፈሉ ሰላምታ እስከ መንፈግ አድርሶናል። ያን ጊዜ የተረዳሁት ነገር ቢኖር፣ አብሮ ለመኖር ከሚያስፈልገው መልካም ጠባይ በፊት በየበሩ የተለያየ ቆጣሪ መተከል እንዳለበት ነው። የኅብረት መንደር የሚያቋቁም ሰው የግል ቤቶቹን ቆጣሪ በሙሉ ይለይ፤ የጋራ ቤቱም የራሱ ቆጣሪ ይኑረው።

የጋራ ማዕድ ለእኛ አገር አስቸጋሪ መስሎ የሚታያቸው ብዙዎች ናቸው። ስሌቱን ብንመለከተው ሃያ ቤተሰብ ባለበት መንደር በሳምንት ሁለት ቀን የጋራ ራት ቢኖርና ለእያንዳንዱ ራት ሁለት ቤተሰብ ቢመደብ፣ ተራው ለአንድ ቤት የሚደርሰው በአምስት ሳምንት አንድ ጊዜ ነው። ከእናቶች ትከሻ ላይ የሚወርደው ሸክም ቀላል አይደለም፤ ወንዶች ተራቸውን ለሚስቶቻቸው ካስተላለፉ ግን መንደሩ ሴቶችን ለሃያ ቤት የሚያሠራ ወጥመድ ይሆናል። ስለዚህ ተራው ለአባወራውም መሆኑ በደንቡ ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት። ጾሙም ሊታሰብበት ይገባል፤ ረቡዕና ዓርብ ከሚውሉት በቀር ዐቢይ ጾምን፣ ፍልሰታንና ነቢያትን ስንደምር የጾም ሽሮና ምስር የሚበላበት ቀን ብዙ ነው። ሙስሊም ጎረቤት ባለበት መንደር ደግሞ የሥጋው ነገር ይነሣል። እኔ ብሆን የጋራ ማዕዱን ዓመቱን ሙሉ የጾም ምግብ ባደርገው እመርጣለሁ፤ ርካሽ ነው፤ ሁሉንም ያስማማል፤ ሥጋውን እያንዳንዱ በቤቱ እንደ እምነቱ ይብላው።

ገንዘብንና መውጫን በተመለከተ ገዢው መሬት እንደማይገዛ አይዘንጋ፤ በከተማ ለመኖሪያ የሚሰጠው የሊዝ ዘመን 99 ዓመት ነው፤ የሚሸጠው ቤቱና የይዞታ መብቱ ነው። በእንግሊዝ ሊድስ ከተማ በ2013 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቀው ሃያ ቤቶች ያሉት ሊላክ የተባለው መንደር ቤቶቹን በሙሉ በኅብረት ሥራ ማኅበሩ ስም አድርጎ፣ ነዋሪው ከገቢው 35 በመቶ እየከፈለ ድርሻ እንዲያጠራቅም አድርጓል። አሠራሩ ለዝቅተኛ ገቢ ፍትሐዊ ነው፤ ቤቱን ለባንክ ብድር ዋስትና ወይም ለልጅ ውርስ ማድረግ ለሚፈልግ የእኛ ቤተሰብ ግን አይመከርም። ለጎጃም የተሻለው የአዋጅ 370/1995 መንገድ ይመስለኛል። ሕጉ የጋራ ሕንፃ የሚለው ፎቁን ብቻ አይደለም፤ በተርታ የተሠሩ ቤቶችንም ይጨምራል፤ የቤቶቹ ቁጥር ግን ከአምስት እንዳያንስ ይጠይቃል። በዚህ መንገድ እያንዳንዱ የራሱን ቤት ካርታ ይይዛል፤ የጋራ ቤቱና ሜዳው ደግሞ በሕግ የሁሉም ይሆናሉ። ከባለቤቶቹ አንዱ ሊሸጥ ሲፈልግ ለገዢው ምን እንደሚነገረው፣ መዋጮ ሳይከፍል የቀረ ምን እንደሚደረግ፣ ስብሰባ ሳይስማማ ሲቀር በስንት ድምፅ እንደሚወሰን ግን አዋጁ ብቻ አይጨርሰውም፤ መተዳደሪያ ደንቡ ግንባታው ከመጀመሩ በፊት ተጽፎ መፈረም አለበት።

እንግዲህ በአጭር ጊዜ ቤት ለሚያስፈልገው፣ በሥራ ምክንያት ከከተማ ወደ ከተማ ለሚዛወር፣ ወይም የማታ ስብሰባ ለሚያሰለቸው ሰው ኮንዶሚኒየሙ ይሻለዋል። ልጆቹ ትንንሽ የሆኑ ባልና ሚስት፣ ሁለቱም ሥራ የሚውሉ ከሆነ፣ ወይም ልጆቹ አዲስ አበባ የሄዱበት ጡረተኛ፣ የኅብረት መንደሩን በጥሞና ሊያስቡበት ይገባል። ምክንያቱም የቀን ጥበቃውና የማታ ጨዋታው በገንዘብ የሚገዛ አይደለም።

አሳቡ የተስማማቸው ቤተሰቦች አንዲት ብር በዝግ ሒሳብ ከማስገባታቸው በፊት ከሰኔ እስከ መስከረም፣ ጭቃውና ዝናቡ በበረታበት ወቅት፣ በሳምንት ሁለት ቀን በተራ በየቤታቸው ራት እያዘጋጁ ይገናኙ። ከመስከረም በኋላ የቀሩት ከአምስት ቤተሰብ ካነሱ አዋጁም አያስተናግዳቸውምና፣ የተስማሙት ሁለት ወይም ሦስት ጎረቤታሞች ግቢዎቻቸው የተያያዙ ቤቶችን ፈልገው ይግዙና በመካከላቸው ባለው አጥር ላይ በር ያውጡ።