ለጥቅልል ፀጉር ባለ ዲፍዩዘር ፎን፦ ከክረምት እስከ ፋሲካ ስጠቀምበት

ፀጉሬ ሉጫም ከርዳዳም አይደለም፤ ከላይ ተኝቶ ይወርድና ከጆሮዬ በታች ይጠቀለላል። ፀጉር ቤት ስገባ ያለኝ ምርጫ ወይ በቢጎዲን ተጠቅልሎ ካስክ ሥር መቀመጥ ነው፣ ወይ ፎን ተደርጎ በፒያስትራ መተኮስ። ጥቅልሉን እንደያዘ ቤቴ ላደርቀው ብዬ ክረምት መግቢያ ላይ ከመርካቶ አንድ ፎን ገዛሁ። አሁን ፋሲካም አልፏል። ስሙን የማልጽፈው ይኸው ዕቃ በየሱቁ የተለያየ ስም ተለጥፎበት ስለሚሸጥ ነው። ባለ 2000 ዋት ሲሆን ጠፍጣፋ አፍና ዲፍዩዘር (አፉ ላይ የሚገጠም ባለ ጣቶች ሰፊ ሳህን) አብረውት መጥተዋል።

የመረጥኩት በዋቱ አይደለም። የፈለግኩት ሙቀቱና ፍጥነቱ በየራሳቸው ማብሪያ መስተካከላቸውን ነው። ርካሾቹ ብዙ ጊዜ አንድ ማብሪያ ብቻ አላቸው፤ ሙቀት ከጨመርክ ንፋሱም አብሮ ይበረታል። ጥቅልል ፀጉር ግን ቀስ ያለ ንፋስ ከመካከለኛ ሙቀት ጋር ነው የሚፈልገው። ፀጉር ሲረጥብ በውስጡ ያሉት የሃይድሮጂን ትስስሮች ይላላሉ፤ ሲደርቅ ደግሞ በዚያው በተኛበት ቅርጽ መልሰው ይያያዛሉ። በዚህ መሃል ንፋስ ካንገላታው ተንጨባሮ ይቀራል። ዲፍዩዘሩ ንፋሱን በሰፊ ሳህን ላይ በትኖ ያለዝበዋል።

ታጥቤ ስወጣ ፀጉሬን በአሮጌ ቲሸርት ጨመቅ ጨመቅ አድርጌ ተልባ እቀባለሁ። ተልባው እንደተቀቀለ በትኩሱ በቀጭን ጨርቅ ይጠለላል፤ ከቀዘቀዘ ወፍሮ አልወርድም ይላል። ከዚያ አንገቴን ዘንበል አድርጌ ፀጉሩን ከጫፉ ጀምሮ ሳህኑ ውስጥ እሰበስብና ወደ ራሴ ቆዳ አስጠግቼ እይዘዋለሁ። ሳህኑን ወደ ሌላ ቦታ ሳዛውር ፎኑን አጠፋለሁ። ይቺ ነገር ከየትኛውም ቅባት በላይ ጠቅማኛለች። ትንሽ እርጥበት ሲቀረው በቀዝቃዛው ቁልፍ እጨርሳለሁ።

የምታማርጡ ካላችሁ የዲፍዩዘሩን ጣቶች እዩ፤ አጫጭር ከሆኑ ብዙ ፀጉር ላለው ሰው ሥሩ ድረስ አይዘልቁም። የኔዎቹ ረጃጅም ናቸው፣ ችግሩ መገጣጠሚያው ላይ ነው። ሳህኑ ተገፍቶ ብቻ ስለሚገባ ፕላስቲኩ ሲሞቅ ላላ ይልና ፀጉሬን እንደያዘ ይወልቃል። ተጠምዝዞ የሚቆለፍ ብታገኙ እሱን ውሰዱ። ዳይሰን የሚባለው ኩባንያ በ2016 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ፎን አፎቹን በማግኔት ነው የሚይዘው፤ ዋጋውን ግን አታንሱብኝ። ለብቻው የሚሸጥ የሲሊኮን ዲፍዩዘር ከፈለጋችሁ መጀመሪያ የፎናችሁን አፍ ስፋት ለኩ፤ ለሁሉም ይሆናል የሚባለው ለሁሉም አይሆንም። ፎኑ ላይ ያለው "አዮኒክ" (ፀጉር እንዳይንጨባረር የኤሌክትሪክ ሙል ያለው አየር ይነፋል ለማለት ነው) የሚለው ጽሑፍ ደግሞ ከምታበራው ሰማያዊ መብራት በቀር ፀጉሬ ላይ ያመጣው ለውጥ አልታየኝም።

መብራቱ ነገር ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። የእንጀራ ምጣድ ተጥዶ ፎን ከተከፈተ ቆጣሪው ይጥላል፤ ሁለቱ አንድ ላይ 5000 ዋት ያልፋሉ። ከአሜሪካ ፎን ለምትልኩ ዘመዶች፦ እጀታው ላይ የተጻፈውን ቮልት አንብቡልን። የዚያ አገሩ በ120 ቮልት የሚሠራ ሲሆን በብዛት 1875 ዋት ነው። የኛ 220 ላይ ከተሰካ ከሦስት እጥፍ በላይ ኃይል ይስብና ይቃጠላል። ለሬዲዮ የሚሸጡት ትንንሽ ትራንስፎርመሮችም አይችሉትም።

ከኋላ ያለችው ወንፊት ላይ ብናኝና ፀጉር ይጠራቀማል። ከተደፈነች ፎኑ ይግልና በራሱ ይጠፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይነሳል። ነቅዬ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ስጠርጋት ወደ ደህናነቱ ይመለሳል። ድምፁ ከባድ ነው፤ ሕፃን በተኛበት ቤት አይሞከርም።

ፀጉሯን ዘርግታ ቀጥ ማድረግ የምትፈልግ ይሄን አትግዛ። ማበጠሪያ ያለው አፍ የለውም፣ ጠፍጣፋው አፍም በጣም ስለሚሞቅ ብሩሽ ይዞ አጠገቡ መሥራት እጅ ይለበልባል።