የሦስተኛው ቅዳሜ ሥልጠና፣ ለጀማሪ ኮቾች

ሃያ ሁለት አካባቢ፣ አንድ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ለጀማሪ ኮቾች (ሰው በሥራው ወይም በኑሮው የራሱን መልስ እንዲያገኝ በጥያቄ ለሚያግዙ ባለሙያዎች) ስለ ደንበኛ ማግኘት የሚሰጠውን የስድስት ቅዳሜ ሥልጠና ባለፈው ወር ጨረስኩ። የከፈልኩት 9,500 ብር ነው። ለመመዝገብ የምታስቡ ካላችሁ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ባንክ ውስጥ በሰው ኃይል ክፍል 11 ዓመት ሠርቼ ነው የወጣሁት። ደንበኞቼ አዲስ ኃላፊ የሆኑ ሰዎች ናቸው፤ ትናንት አብሮት ምሳ ይበላ የነበረን ጓደኛውን ዛሬ «ለምን አረፈድክ?» ማለት የሚከብደው ዓይነት። ሥራውን አውቀዋለሁ። የከበደኝ እምቢታው ነው። በዘጠኝ ወር ውስጥ ፊት ለፊት «አልፈልግም» ያለኝ ሁለት ሰው ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ «በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው፣ እደውልልሻለሁ»፣ «እስቲ ደሞዝ ይውጣ»፣ «ፋሲካ ይለፍና እናወራለን» ይለኛል። እኔም አምኜ እጠብቃለሁ። ቁርጡን ካለማወቅ የባሰ የሚያደክም ነገር አላየሁም።

ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ አሠልጣኙ «እደውላለሁ» ብሎን የቀረውን ሰው ሁሉ በስም አስጻፈን። የኔ 23 ሆነ። ከዚያ እዚያው ክፍል ውስጥ መደወል ጀመርን። የምንለው አጭር ነው፦ «ካልተመቸህ አልተመቸኝም በለኝ፣ ቅር አይለኝም፤ ቁርጡን ለማወቅ ነው የደወልኩት።» እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የጀመርኩት። እስከ ሰኞ ማታ 14ቱ አይሆንም አሉኝ፣ 5ቱ ስልክ አላነሱም፣ 3ቱ ቀን ቆርጠው ሰጡኝ፣ አንዷ ጀመረች።

ትልቁን ነገር ያገኘሁት ግን ከ14ቱ ነው። ሰባቱ «መሥሪያ ቤቴ ቢከፍልልኝ ደስ ይለኝ ነበር» አሉ፤ ለካ ማነጋገር የነበረብኝ መሥሪያ ቤቶቹን ነው። ሦስቱ ዋጋው ከበዳቸው። አራቱ ምን እንደምሸጥ ጭራሽ አልገባቸውም። ከነሱ አንዱ የድሮ አለቃዬ ናቸው፦ «ልጄ፣ ለምክር ገንዘብ ይከፈላል እንዴ? ቤት መጥተሽ ቡና እየጠጣን ብትመክሪኝ ምን ነበረበት?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ምክር በእኛ አገር ከሽማግሌ፣ ከንስሐ አባት፣ ከታላቅ እህት በነፃ የሚገኝ ነገር ነው። እኔ ደግሞ ሥራዬን «ምክር» እያልኩ ነበር የማስረዳው፤ ኮች ግን እየጠየቀ ሰውየው ራሱ መልሱን እንዲያገኝ ያግዛል እንጂ አይመክርም። ከዚያ ቀን ወዲህ ቃሉን ቀይሬዋለሁ።

አራተኛውንና አምስተኛውን ቅዳሜ አልወደድኳቸውም። እምቢ ያለን ሰው እንዴት እንደሚያግባቡ የሚያስተምሩ ከውጭ የተተረጎሙ ንግግሮች ናቸው። «ይህን ዕድል ብታሳልፈው ምን ታጣለህ?» ብዬ የድሮ አለቃዬን ልጠይቃቸው? ነገ ለቅሶ ቤት ጎን ለጎን እንቀመጣለን እኮ! አንዴ አይሆንም ያለን ሰው ማክበር ያስፈልጋል።

ማስታወቂያው ላይ «ዓለም አቀፍ ሰርተፊኬት» የሚል አለ፤ እሱ እንዳያሳስታችሁ። የዓለም አቀፉ የኮቺንግ ፌዴሬሽን የመጀመሪያ ደረጃ ዕውቅና ቢያንስ 60 ሰዓት ሥልጠናና 100 ሰዓት ከደንበኛ ጋር የተሠራ ሥራ ይጠይቃል፤ ከመቶው 75ቱ ሰዓት የተከፈለበት መሆን አለበት። ይህ ሥልጠና በጠቅላላው 18 ሰዓት ነው። ጓደኞቻችሁን በነፃ እያገለገላችሁ ሰዓት እሞላለሁ ብላችሁም አታስቡ፤ ዋጋ ጠርቶ «አይሆንም» መባል የማይቀር ነው።

ክፍሉ ጠባብ ነው፣ 40 ሰው ሆነን ነበር፤ ሻይ አለ። ሦስተኛውን ቅዳሜ ለብቻው ቢሸጡት ይሻላል ብዬ ለአዘጋጆቹ ነግሬያቸዋለሁ። እኔ ለዚያ ቀን ብቻ 9,500ውን አልቆጭበትም። ከሄዳችሁ ስልካችሁን ሞልታችሁ ሂዱ፣ ሶኬት ያለው የኋላው ግድግዳ ላይ ብቻ ነው።