ጅማ ላይ የድንኳን አዳርና የአውታር ሙዚቃ፦ ሂዱ፣ ግን ለመድረኩ ብላችሁ አይደለም

ከጅማ ወጣ ብሎ በጅሬን በኩል ባለ ሜዳ ላይ ወጣቶች የማሲንቆ፣ የክራርና የጊታር ዝግጅት አሰናድተው ነበር። ቅዳሜና እሁድን ሙሉ፣ አዳሩም በድንኳን። ሐሳቡን ከአሜሪካኖቹ የብሉግራስ ፌስቲቫል እንደወሰዱት ራሳቸው ነገሩን፤ ብሉግራስ በአውታር መሣሪያዎች የሚጫወቱት የአገር ቤት ሙዚቃቸው ነው። እዚያ ሰው ድንኳኑን ጭኖ ይሄዳል፣ ቀን መድረኩን ያያል፣ ሲመሽ ደግሞ መሣሪያውን አውጥቶ ከማያውቀው ሰው ጋር ሲጫወት ያነጋል። በ1965 እ.ኤ.አ. ካርልተን ሄኒ ቨርጂኒያ፣ ፊንካስል ላይ ለቀናት የሚቆየውን የመጀመሪያ የብሉግራስ ፌስቲቫል ካዘጋጀ ወዲህ ነገሩ ብዙ ቦታ ተዛምቷል። እኛ አገር ሲሞከር በማየቴ በጣም ደስ ብሎኛል።

ከመድረኩ ልጀምር። ድምፁ ከልክ በላይ ነበር። ማሲንቆ አንድ አውታር ነው ያለው፣ በዚያ ትልቅ ስፒከር ሲወጣ ጆሮ ይበሳል እንጂ አያለቅስም። ጄኔሬተሩም መድረኩ ሥር ነው የተተከለው፣ ክራሩ ዝግ ሲል የሚሰማው እሱ ነው። በድሮው የብሉግራስ አጨዋወት ባንዱ በሙሉ አንድ ማይክ ይከባል፤ ተራው የደረሰው ጠጋ ይላል፣ ሲጨርስ ወደ ኋላ ይመለሳል። ይህን መውሰድ ምንም ወጪ የለውም፣ እንዲያውም ይቆጥባል።

ማታ ግን ሌላ ነው። ጄኔሬተሩ ሲጠፋ ሰው እሳት ዙሪያ መሰብሰብ ጀመረ፣ ያኔ ነው ሙዚቃው የመጣው። አንዱ ልጅ ባንጆ፣ ፊቱ እንደ ከበሮ ክብ የሆነውን ባለአውታር መሣሪያ፣ ይዞ ነበር። ባንጆ ሥሩ አፍሪካ ነው፤ በባርነት የተወሰዱ ሰዎች ከቅልና ከቆዳ ይሠሩት ከነበረው መሣሪያ ነው የወጣው፣ ስለዚህ ከማሲንቆ ጎን መቀመጡ አልከበደውም። የጅማ እርጥበት ሲወርድ የማሲንቆው ቆዳ ላላ፣ ድምፁም ታፈነ። ባለማሲንቆው ሳይቸኩል ፊቱን ወደ እሳቱ አዙሮ ያዘው፣ በጣቱ መታ መታ እያደረገ እስኪጠብቅ አሞቀው፣ ከዚያ የደጋኑን ጭራ እጣን ቀብቶ ቀጠለ። የባንጆው ፊት ፕላስቲክ ስለሆነ አልተቸገረም። ባለባንጆው በአውራ ጣት፣ በጠቋሚና በመሃል ጣት ነው የሚመታው፣ ባንጆ ተጫዋቹ ኤርል ስክራግስ በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. የብሉግራስ አባት ከሚባለው ከቢል ሞንሮ ባንድ ጋር ሆኖ ያስለመደውን አመታት። የባንጆው አውታሮች በጣት ሳይጫኑ ባዷቸውን ሲመቱ የሚሰጡት ድምፅ ሶል፣ ሲ እና ሬ ነው፣ ሦስቱም ከሶል በተቃኘ የትዝታ ሜጀር ቅኝት ውስጥ አሉ። ባለክራሩ ይህን ሲሰማ አውታሮቹን እያጠበቀና እያላላ ከሶል ቃኘ፣ እና ትዝታ ተጀመረ። ማንም አላስጠናቸውም። እኔ ከዚያ ቦታ አልተነሳሁም።

ወደ ድንኳኑ ልምጣ፣ እዚህ ላይ አዘጋጆቹ ማሻሻል አለባቸው። የሚያከራዩት ድንኳን ባለ አንድ ንብርብር ነው፣ ከላይ የዝናብ ሸራ የለውም። ሌሊት ዘነበ፣ ውሃው ገባ፣ ፍራሹ ራሰ። የተተከለውም ሜዳው ዝቅ በሚልበት በኩል ነው። ልጆቹን አመሰግናለሁ፣ ስንጠራቸው ወዲያው ባትሪ ይዘው መጥተው ወደ ከፍታው አዛወሩን፣ ደረቅ ብርድ ልብስም ሰጡን። ግን የጅማን ዝናብ የጅማ ልጅ ያውቀዋል፣ ዝግጅቱ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ቢሆን ይህ ሁሉ አይመጣም። መጸዳጃ ቤቱ ንጹሕ ነው፣ መንገዱ ጨለማ ነው። ምግቡ ሽሮና ዳቦ፣ ደህና። ቡናው ግን ሌላ ቦታ የማይገኝ ነው፣ እናቶቹ ሌሊቱን ሁሉ ጀበናውን ከእሳት አላወረዱም።

የምትሄዱ ሰዎች የራሳችሁን ድንኳን ውሰዱ፣ ከነዝናብ ሸራው። ከፍ ያለ ቦታ ምረጡ፣ ካስማውን ጫፉ ወደ ድንኳኑ፣ ራሱ ወደ ውጭ አዘንብላችሁ ምቱት፣ ዙሪያውንም ትንሽ ቦይ ቆፍሩ። መሣሪያ ያላችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ ጀማሪም ብትሆኑ ቦታ ይለቁላችኋል። ሕፃን ይዛችሁ ከሆነ ከመድረኩ ራቅ በሉ። ለአዘጋጆቹ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ፦ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን እባካችሁ ጄኔሬተሩን አጥፉት።