እናቴን ወደ ግራ መዞር ላስተማረልን ሰው ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

ይህን ጽሁፍ ለመጻፍ ስምንት ወር ጠብቄያለሁ። እማዬ ቡና አፍልታ በገዛ እጇ እስክትቀዳ ድረስ አልጽፍም ብዬ ነበር። ትናንት ቅዳሜ አፈላች። ረከቦቱ ላይ ያሉትን ዘጠኙንም ሲኒዎች ሞላች። አንድም አልዘለለችም። አልሐምዱሊላህ!

ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅ፣ ውጫሌ፣ መርሳ፣ ወልዲያ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ቤታችሁ ውስጥ ስትሮክ የመታው እናት ወይም አባት ካለ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። የማመሰግነው አንድ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነው። ደሴ ውስጥ እየዞረ ቤት ለቤት ይሠራል።

አንድ ጠዋት ጀበናው ከእማዬ ግራ እጅ አምልጦ ተሰበረ። አፏም ወደ አንድ ጎን ዘመም ብሎ ነበር። እኔ ኮምቦልቻ ሥራ ላይ ነበርኩ፣ በስልክ ነው የነገሩኝ። ምች ነው ተባለ። ዳማከሴ ታሸላት። ሰፈራችን ደግ ነው፣ ሁሉም የሚያውቀውን አደረገላት። እኛ ቤት ዱዓ ተደረገ፣ ጎረቤታችን ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን ጸበል ይዛላት መጣች። ሐኪም ቤት ውሰዷት ያለ ግን አልነበረም። እኔም አላልኩም። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ሐኪም ዘንድ የደረሰችው በሦስተኛው ቀን፣ ግራ እግሯን መጎተት ስትጀምር ነው። ደም ግፊቷ በጣም ከፍ ብሏል ተባልን፣ ኪኒን ተሰጠን፣ ወደ ቤት ተመለስን።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ነገር ማናችንም ልንረዳው አልቻልንም። እማዬ ከትሪው ላይ በቀኟ በኩል ያለውን እንጀራ ብቻ ትበላና “ጨምሩልኝ” ትላለች፣ የግራው ግማሽ ሳይነካ ቁጭ ብሏል። ፀጉሯን በቀኝ በኩል ብቻ ታበጥራለች። በር ስትገባ ግራ ትከሻዋ ከመቃኑ ጋር ይጋጫል።

ከሁሉ የከፋው ቡናው ነው። ቡናውን እህቴ ታፈላለች፣ የምትቀዳው ግን እማዬ ናት፣ ቀኝ እጇ ደህና ነበርና። በስተግራዋ ለተቀመጠ ሰው ግን አትሰጥም። በዚያ በኩል ሁልጊዜ የምትቀመጠው ያቺው ጸበል ያመጣችልን ጎረቤታችን ናት። ሠላሳ ዓመት አብረው ቡና የጠጡ ሴቶች ናቸው። አቦሉ አለፋት። ቶናው አለፋት። በረካውም አለፋት። ስታናግራትም ዞራ አላየቻትም። ጎረቤታችን ነጠላዋን ሰብስባ ዝም ብላ ወጣች፣ ለሦስት ሳምንትም ደጃችንን አልረገጠችም። ወሎ ውስጥ ቡና ላይ መታለፍ ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። እማዬ ደግሞ “ምን አድርጌያት ነው የቀረችብኝ?” እያለች ታለቅስ ነበር።

እኛም ዓይኗ ነው ብለን ተሯሯጥን። መነጽር አሠራንላት። አልሆነም። ሌላ ቦታ ሄደን ሌላ መነጽር አሠራን። እሱም አልሆነም። በሦስተኛው ቦታ ጠብታ ሰጡንና “ዓይኗ ደህና ነው፣ እርጅና ነው” ብለው ሸኙን። እርጅና! ስልሳ አንድ ዓመቷ ነው፣ ከወር በፊት እኮ ገበያ ወጥታ ተከራክራ የምትገዛ ሴት ነበረች። ለእጇና ለእግሯ የወሰድንበት ቦታ ደግሞ አንዱ ሠራተኛ ላስነሳት ብሎ የደከመውን እጇን ጎተተው። ጮኸች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ትከሻዋ ሌሊት እንቅልፍ ይነሳት ጀመር። አንዱ ደግሞ እሷ ፊት፣ እየሰማች፣ “በከንቱ ገንዘባችሁን አትጨርሱ፣ ከእንግዲህ እንዲሁ ናት” አለኝ። የቦታዎቹን ስም አልጠራም፣ ጥል አልፈልግም። ግን ይህን ቃል ሰው ፊት የምትናገሩ ካላችሁ፣ ያ ሰው እቤቱ ገብቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ እንደሚተኛ እወቁት። እማዬ አራት ቀን እንደዚያ ተኝታለች።

የማመሰግነውን ልጅ ያገኘሁት በባጃጅ ሹፌር ነው። እማዬን ከባጃጁ ላስወርድ ስታገል ሹፌሩ ዘሎ ወረደና “እህቴ፣ በእጇ አትሳቢያት፣ ወገቧን ያዢ” አለኝ። የት ተማርከው ስለው “አባቴን ያቆመልኝ ልጅ ነው ያስተማረን” አለኝ። እዚያው ደወለለት።

በማግስቱ መጣ። እኔ እጇን ማሸት ይጀምራል ብዬ ነበር የጠበቅሁት። አልነካትም። መጀመሪያ ግፊቷን ለካ። ኪኒኖቿን አንድ በአንድ አየ። የጭንቅላት ሲቲ ስካን ተነስታ እንደሆነ ጠየቀ። አልተነሳችም። “የነርቭ ሐኪም ሳያያት እኔ አልጀምርም” አለና የሚመጣለትን ገንዘብ ትቶ ወደ ሐኪም ላከን። ሄድን፣ ተነሳች። በቀኙ የአንጎሏ ክፍል ደም የሚያደርስ ቧንቧ ተዘግቶ ጉዳት እንዳደረሰ ተነገረን። የቀረውን ሐኪሙ የተናገረውን እኔ አልገባኝም፣ ልጁ ግን ወረቀቱን ሲያነብ ራሱን ነቀነቀና “ረከቦቱን አምጡልኝ” አለን።

ይህን ቀን እስክሞት አልረሳውም።

ረከቦቱን እማዬ ፊት አስቀመጠው። “እማማ፣ ስንት ሲኒ አለ?” አላት። “አምስት” አለች። ዘጠኝ ነበር። ቀኝ ዓይኗን በእጁ ጋርዶ ጠየቃት። አምስት። ግራ ዓይኗን ጋርዶ ጠየቃት። አሁንም አምስት። ከዚያ ወደ እኛ ዞሮ “የአንድ ዓይን ችግር ቢሆን ኖሮ ያንን ዓይን ስጋርደው ሁሉንም ታያቸው ነበር። በሁለቱም ዓይኖቿ የሚጠፋው ያው የግራ በኩል ከሆነ ችግሩ ከዓይን በኋላ ነው” አለን። በዚህ ሁሉ ጊዜ ያልገባን ነገር በሁለት ደቂቃ ውስጥ ገባን። ያለ ምንም መሣሪያ፣ በእኛው ሲኒ።

ቀጥሎ ረከቦቱን ቀስ አድርጎ አዞረው። እማዬ ደንግጣ እጇን አፏ ላይ ጫነች። “ይቺ ከየት መጣች? የሷ ሲኒ ናት እኮ!” አለች። ቀይ አበባ ያላት፣ ጎረቤታችን የምትጠጣባት ሲኒ በግራ በኩል ነበረች። “ከቦታዋ አልሄደችም እማማ፣ እዚሁ ነበረች” አላት። እማዬ ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ “ታዲያ እሷንም እንዲህ ነው ያለፍኳት?” ብላ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

ልጁ ምን አደረገ መሰላችሁ? ቤቷ የት ነው ብሎ ጠየቀ። ከእህቴ ጋር ሄዶ ለጎረቤታችን ራሱ አስረዳት። “ጠልተውሽ አይደለም እናቴ፣ በዚያ በኩል ለእሳቸው ዓለም የለም” ብሎ እጇን ይዞ አመጣት። ሁለቱ ሴቶች ተቃቅፈው ሲላቀሱ እሱ ጥግ ላይ ቆሞ ጫማውን ያያል። ይህ በየትኛው ደረሰኝ ላይ ይጻፋል? ማንስ ይከፍለዋል? ለዚያ ቀን ልክፈል ስለው “ዛሬ ምንም አልሠራሁም” አለኝ።

እኔ የነርቭ ነገር አላውቅም፣ ግን እሱ በነገረኝ መንገድ ልንገራችሁ። የአንጎል ቀኝ ግማሽ የሚያዝዘው ግራ እጅና ግራ እግርን ነው። የትእዛዙ መንገድ አንጎል ከአንገት ጋር የሚገናኝበት ታች አካባቢ ሲደርስ አብዛኛው ወደ ሌላው ጎን ይሻገራል። ዓይንም የራሱ መሻገሪያ አለው። ከሁለቱም ዓይኖች በግራችን ያለውን ነገር የሚመለከተው መልእክት ወደ ቀኝ አንጎል ይሄድና ከጭንቅላታችን ኋላ፣ ከማጅራት ከፍ ብሎ ነው የሚነበበው። ዓይን ይቀበላል እንጂ የሚያየው አንጎል ነው። በዚያ ላይ ደግሞ ቀኝ አንጎል ሲጎዳ ሰውየው ግራ የሚባል ጎን መኖሩን ራሱ ሊረሳ ይችላል። ስለዚህ ይጎድለኛል እንኳ አይልም። እማዬ ላይ ሁለቱም ነበሩ።

“ደሴና ኮምቦልቻ መካከል፣ ሀረጎ ዳገት ላይ መንገድ ቢዘጋ ኮምቦልቻ የቆመው መኪና ተበላሽቷል ይባላል?” አለኝ። “መኪናው ደህና ነው። መንገዱ ነው የተዘጋው። እኛ አሁን በጎን ቀጭን መንገድ እንጠርጋለን። በየቀኑ ካልተመላለሱበት ግን ሣር ይበቅልበታል።” በየሳምንቱ በሀረጎ የምወጣና የምወርድ ሰው ነኝና ይህ ጭንቅላቴ ውስጥ ቀረ። መነጽሮቹ ለምን እንዳልሠሩም ያን ጊዜ ገባኝ።

እያሠራት ደግሞ ታሪክ ያወራላታል። አንድ ቀን ታትሱጂ ኢኖዬ ስለሚባል ጃፓናዊ የዓይን ሐኪም ነገራት። በፈረንጆቹ 1904 እና 1905 በሩስያና በጃፓን ጦርነት ጊዜ ጭንቅላታቸውን በጥይት የተመቱ ወታደሮችን ይመረምር ነበር። ዓይናቸው ጤነኛ ነው፣ ግን ከሚያዩት ነገር ላይ የተወሰነ ክፍል ጠፍቷል። ጥይቱ በጭንቅላታቸው ኋላ የገባበትንና የወጣበትን እየለካ፣ የትኛው የአንጎል ቦታ የትኛውን የእይታ ክፍል እንደሚያነብ ካርታ አወጣ። እማዬ በጥሞና ሰምታ “እናቶቻቸውን አላህ ያጽናቸው” አለች። እኔ ግን ለእሷ የተነገረው ለምን እንደሆነ ገብቶኛል። አብዳለች ያሏት ሰዎች ነበሩ። እሷ እንዳላበደች፣ ይህ ከመቶ ዓመት በላይ የታወቀ ነገር እንደሆነ እንድታውቅ ነው።

ሥራውማ ቀላል ይመስላል። መሶቡ ግራ ጠርዝ ላይ ቀይ ጨርቅ አሰረ፣ “ቀዩን ሳያዩ አይጀምሩ እማማ” ይላታል። በሩ ግራ መቃን ላይም ቀይ ጨርቅ። ሬዲዮኑን ወደ ግራዋ አዛወረው። እኛም ስናናግራት በግራዋ ሆነን እንድናናግራት፣ እስክትዞር እንድንጠብቃት አዘዘን። ቀኝ እጇ ላይ ካልሲ አልብሶ ሽምብራና ባቄላ በግራ እጇ እንድትለቅም አደረጋት። ትናደዳለች፣ እህሉን ትበትነዋለች፣ እሱ ቁጭ ብሎ ይለቅምና እንደገና ይሰጣታል። “አብሽሪ እማማ” ይላታል። አንድ ቀንም ድምፁን ከፍ ሲያደርግ አልሰማሁም። ክረምት ላይ ዝናቡ ሲጥል ባጃጅ እንኳ እምቢ ባለበት ቀን በእግሩ ጭቃ በጭቃ ሆኖ መጥቷል።

ከዚያ ጎረቤታችን እንዝርትና ባዘቶ ይዛ መጣች። ሐሳቡ የእሷ ነው። ሲፈትሉ ቀኝ እጅ እንዝርቱን ያሾራል፣ ግራው ባዘቶውን ይስባል። እማዬ ከልጅነቷ ጀምሮ ፈትላለች። ልጁ “ይህንን እኔ ሳላስበው!” ብሎ ተደሰተ። የግራ ጣቶቿ መጀመሪያ ባዘቶውን መጨበጥ እንጂ መልቀቅ አያውቁም ነበር። ክሩ ይበጠሳል። ጎረቤታችን በስተግራዋ ቁጭ ብላ ትቀጥልላታለች። በአምስተኛው ወር ላይ ክር ወጣ። ወፍራም፣ ጎርባጣ ክር ነው። ልጁ ትንሽ ቆርጦ ቦርሳው ውስጥ ከተተው።

ሁሉም ነገር እንደ ድሮው ተመለሰ አልላችሁም። ምርኩዝ ትይዛለች። በግራ በኩል ያጣችው እይታም ብዙው አልተመለሰም። ግን መዞርን ተማረች። አሁን ወደ ቤት ስትገባ፣ ስትበላ፣ ሰው ሲያናግራት፣ አንገቷን ወደ ግራ አዙራ ትፈልጋለች። ፈልጋም ታገኛለች። ትናንት ዘጠኙን ሲኒ የሞላችው እንደዚያ ነው። የመጀመሪያዋን የቀዳችው በቀይ አበባዋ ሲኒ ነው። ለማን እንደሰጠችው ታውቁታላችሁ።

አሁን ለእናንተ። እባካችሁ የእኔን ስሕተት አትድገሙት። የሰው አፍ በድንገት ከተጣመመ፣ አንድ እጁ ከዛለ፣ ንግግሩ ከተኮላተፈ ወይም እይታው በድንገት ከጠፋ በዚያችው ደቂቃ ሐኪም ቤት ውሰዱት። ዱዓውንም ጸሎቱንም መንገድ ላይ እያላችሁ አድርጉት። በደም መርጋት የመጣ ስትሮክ ከሆነ የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በአብዛኛው የሚሰጠው ሕመሙ ከጀመረ በኋላ ባሉት 4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ደም ፈስሶ ከሆነ ደግሞ ያ መድኃኒት ጭራሽ አይሰጥም። ይህን የሚለየው ምርመራ ነው፣ ዳማከሴ አይለየውም። ግፊታችሁን ተለኩ። የወላጆቻችሁንም አስለኩ። የታመመ ሰው ስታነሱ በደከመው እጁ አትጎትቱት።

ልጁ ስሜን በአደባባይ አትጻፊ ብሎኛል፣ አክብሬዋለሁ። ስልኩን ግን ለሚያስፈልገው ሰው እንድሰጥ ፈቅዶልኛል። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ሌሊትም ቢሆን እመልሳለሁ። ወስኑና ጥሩት። ዋጋው አይከብድም፣ የሌለውንም አያስቸግርም። ጥሩት፣ እውነቴን ነው።

አንተም ይህን ካነበብከው፣ እማዬ “አላህ ይጨምርልህ፣ ልጆችህን ለቁም ነገር ያብቃልህ” ብላሃለች። ጎረቤታችን ደግሞ “እግዜር ይስጥልን” ብላለች። ቅዳሜ ቡና አለ። በስተግራዋ ቦታ ተይዞልሃል።